ኦኤሱን አዲስ ከጫንኩ በኋላ ፒን 17 «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» ይለኛል፣ ሪሌዩም ቡት ሲያደርግ ብቻውን ይነሳል

ፓምፕ_ጠባቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ራስበሪ ፓይ 4 (ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር) አለኝ፣ ሁለት አመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያስቸግረኝ የውሃ ፓምፕ ሲያበራና ሲያጠፋልኝ የኖረ ነው። አሰራሩ ቀላል ነው፣ ታንከሩ ውስጥ ፍሎት ስዊች (ከውሃው ጋር የሚወጣ የሚወርድ ማብሪያ) አለ እሱ ፒን 27 ላይ ይገባል፣ ፓምፑን የሚያበራው ሪሌይ (በቦርዱ ምልክት የሚነሳ ማብሪያ) ደግሞ ፒን 17 ላይ ነው፣ መሃል ላይ እኔ ራሴ ከዚም ከዚያም ለቃቅሜ የሰፋኋት ሃያ መስመር የምትሆን የሼል ስክሪፕት አለች። ባለፈው ሜሞሪ ካርዱ ሞተብኝና አዲስ ካርድ ላይ አዲስ ኦኤስ ጫንኩ፣ ስክሪፕቷን ከባክአፕ መለስኳት፣ ከዛ ወዲህ እምቢ አለች። ሲስ ክላስ ጂፒአይኦ (ጂፒአይኦ የቦርዱ መቆጣጠሪያ ፒኖች ናቸው) ውስጥ ያለው ኤክስፖርት የሚባለው ፋይል ላይ 17 ብዬ ስጽፍ «ራይት ኤረር፦ ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» ብሎ ይመልሰኛል። ሽቦ አልነካሁም፣ ቦርዱም ያው ነው፣ ስክሪፕቷም ያቺው ናት።

ሌላው ደግሞ ድሮም የነበረ ነገር ነው፣ ቦርዱ ቡት ሲያደርግ ሪሌዩ ጠቅ ብሎ ይነሳና ወዲያው ይወርዳል። እስካሁን ችላ ብዬው ነበር አሁን ግን ከነካሁት አይቀር ብዬ ነው።

ከስልክ ነው የምጽፈው፣ ኪቦርዱ አማርኛ ብቻ ስለሆነ ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳቸው፣ ይቅርታ።

ዝምብዬ_ልሞክር
ፐርሚሽን ነው። ሱዶ (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) ጨምርበትና ሞክረው

ፓምፕ_ጠባቂ
ሱዶ ጨምሬ፣ ሩት ሆኜም ገብቼ ሞክሬዋለሁ። ቃል በቃል ያው ኤረር።

ሶስት_ነጥብ_ሶስት
ወንድሜ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ 17 ስትል የትኛው 17 ነው? ሄደሩ ላይ (እግሮቹ የተደረደሩበት) በጣትህ ቆጥረህ 17ኛው ነው ወይስ ጂፒአይኦ 17? ምክንያቱም ቆጥረህ የምታገኘው 17ኛው እግር የ3.3 ቮልት መስመር ነው፣ ግራውንድ ጋ ካገናኘኸው ቦርዱን ደህና ሰንብት በለው። ጂፒአይኦ 17 ያለው ሄደሩ ላይ 11ኛው ቦታ ነው። ይሄንን ያምታታ ሰው ስንቱን ቦርድ እንዳቃጠለ እኔ ነኝ የማውቀው (ከተቃጠሉት ሁለቱ የኔ ናቸው)።

ፓምፕ_ጠባቂ
አይ እሱስ ልክ ነው፣ ሪሌዩ 11ኛው ላይ፣ ፍሎቱ 13ኛው ላይ ነው የተሰኩት። ሁለት አመት የሰራ ነገር ነው አልኩህ እኮ።

ከርነል_አንባቢ
የፐርሚሽን ችግር ቢሆን «ፐርሚሽን ዲናይድ» ነበር የሚለው። «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» ማለት «አንተን አልከለከልኩም፣ ግን እንዲህ የሚባል ቁጥር አላውቅም» ማለት ነው። ስለዚህ ሱዶ ብትደረድር ለውጥ የለውም።

ሁለት ነገር አሳየኝ። አንደኛ ዩኔም ሰረዝ አር ስትል የሚመጣውን የከርነል (የኦኤሱ እምብርት) ቁጥር፣ ሁለተኛ ሲስ ከርነል ዲበግ ውስጥ ጂፒአይኦ የሚባል ፋይል አለ እሱን በሱዶ ካት አድርገህ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጻፍልኝ።

ፓምፕ_ጠባቂ
ከርነሉ 6.6 ይላል። ፋይሉ ደግሞ ላይኛው መስመር ላይ «ጂፒአይኦቺፕ 0፦ ጂፒአይኦስ 512-569» ይላል ከጎኑ ፒንኮንትሮል ቢሲኤም 2711 የሚል አለ። ከስር ዝርዝሩ ይቀጥላል፣ ወደታች ወረድ ስል «ጂፒአይኦ-529» ብሎ በቅንፍ ጂፒአይኦ 17 የሚል አየሁ። ቆይ ቆይ… 529???

ከርነል_አንባቢ
አዎ፣ አገኘኸው። 512 ሲደመር 17 ነው 529 የሚሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦርድህ ላይ ፒን የሚቆጣጠር ቺፕ አንድ ብቻ አይደለም፣ ዋናው 58 መስመር አለው፣ ሌላ ደግሞ 8 መስመር ያለው ትንሽ ቺፕ አለ። የድሮው መንገድ፣ ማለትም አንተ የምትጠቀመው ሲስ-ኤፍኤስ የሚባለው፣ የሁሉንም ቺፕ መስመር በአንድ ረጅም የቁጥር ተራ ያሰልፋቸዋል፣ እያንዳንዱ ቺፕ ቤዝ የሚባል መነሻ ቁጥር ይሰጠዋል። ድሮ የዋናው ቺፕ ቤዝ 0 ስለነበረ 17 ስትል 17ን ታገኝ ነበር፣ ያ እንግዲህ አጋጣሚ ነው እንጂ ማንም ቃል አልገባልህም። ራስበሪ ፓይ ኦኤስ በ2024 መጋቢት አካባቢ ወደ 6.6 ከርነል ሲሄድ ቤዙ 512 ሆነ፣ ያኔ በአለም ላይ ያሉ እንዳንተ ያሉ ስክሪፕቶች በሙሉ በአንድ ጀንበር ዝም አሉ።

ዝምብዬ_ልሞክር
ስለዚህ 17ን በ529፣ 27ን በ539 ቀይረው አለቀ። ክሩ ይዘጋ 😄

ፓምፕ_ጠባቂ
ቀየርኩት ሰራ!!! ሪሌዩ ተነሳ ወረደ። ሁለት ቀን ራሴን ሲያዞረኝ የነበረ ነገር በአንድ መደመር አለቀ። በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም።

ከርነል_አንባቢ
አይ፣ እንደሱ ብለህ እንዳትተወው። እኔ ቁጥሩን ያሳየሁህ ለምን እንደተበላሸ እንድታውቅ እንጂ 529 ብለህ እንድትጽፍ አልነበረም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው የሚሆንብህ። ይህ ቁጥር የወረፋ ቁጥር ማለት ነው፣ ዛሬ ሄደህ 529 ተሰጠህ፣ ነገ ከፊትህ ሌላ ሰው ከገባ ቁጥርህ ይቀየራል። ስምህ ግን አይቀየርም። ራስበሪ ፓይ 5 ላይ እማ ፒኖቹ ጭራሽ ሌላ ቺፕ ላይ ናቸው፣ አርፒ1 የሚባል፣ እዛ የ512 ሂሳብህ ዋጋ የለውም።

ከርነል ሰዎቹ ሲስ-ኤፍኤስን ተዉት ካሉ ቆዩ። በ2016 የወጣው 4.8 ከርነል ላይ ነው አዲሱ መንገድ የመጣው፣ ዴቭ ውስጥ ጂፒአይኦቺፕ 0፣ ጂፒአይኦቺፕ 1 እያሉ የሚቀመጡት ናቸው። እነሱን ለመጠቀም ሊብጂፒአይኦዲ የሚባል አለ፣ ከሱ ጋር ትንንሽ ትእዛዞች ይመጣሉ። ጂፒአይኦዲቴክት ቺፖቹን ይዘረዝራል፣ ጂፒአይኦኢንፎ መስመሮቹን ከነስማቸውና ማን እንደያዛቸው ያሳያል፣ ከዛ ጂፒአይኦጌት ለማንበብ፣ ጂፒአይኦሴት ለመጻፍ፣ ጂፒአይኦሞን ደግሞ ለውጥ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዋናው ነገር ጂፒአይኦፋይንድ ብለህ «ጂፒአይኦ17» የሚለውን ስም ስትሰጠው የትኛው ቺፕ ላይ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። በስም ነው የምትጠራው፣ ቤዝ ምናምን የለም።

ፓምፕ_ጠባቂ
እሺ እህቴ፣ ገባኝ መሰለኝ። ጫንኩትና በጂፒአይኦሴት 17ን 0 አድርግ ስለው «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» አለኝ። ደሞ ይሄ ምንድነው?

ከርነል_አንባቢ
ጂፒአይኦኢንፎ በልና የ17ን መስመር ተመልከት፣ በጥቅስ ውስጥ የያዘው አካል ስም አለ።

ፓምፕ_ጠባቂ
«ሲስኤፍኤስ» ይላል።

ከርነል_አንባቢ
ያው ያችው ስክሪፕትህ ናት ይዛው ያለችው። ቡት ሲያደርግ ትነሳለች መሰለኝ፣ 529ን ኤክስፖርት አድርጋ ትይዘዋለች። አንድን መስመር በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው የሚይዘው። ስክሪፕቷን አቁማት፣ 529ን አንኤክስፖርት ወደሚለው ፋይል ጻፍ፣ 539ንም እንዲሁ፣ ከዛ ይለቃል። በነገራችን ላይ ይሄ የአዲሱ መንገድ ትልቁ ጥቅም ነው ለኔ፣ ድሮ ሁለት ፕሮግራም አንድ ፒን ላይ ሲጣሉ የሚያውቅ አልነበረም፣ አሁን ማን እንደያዘው በስሙ ጽፎ ያሳይሃል።

ፓምፕ_ጠባቂ
ለቀቀው። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ፣ ጂፒአይኦሴት ስለው ሪሌዩ ይነሳል ግን ትእዛዙ ወዲያው ያበቃና ተርሚናሉ ይመለሳል፣ ፒኑ እንደተነሳ ይቆያል ወይስ አይቆይም? አንዴ የቆየ መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ከርነል_አንባቢ
እርግጠኛ መሆንም አትችልም፣ ዋስትና የለውማ። መስመሩን የያዘው ፕሮግራም ሲሞት መስመሩ ይለቀቃል፣ ከተለቀቀ በኋላ ምን ሆኖ እንደሚቆይ የድራይቨሩ ፈቃድ ነው። ሲስ-ኤፍኤስ ላይ ኤክስፖርት ካደረግከው አንኤክስፖርት እስክትለው እንዳለ ነው የሚቀመጠው፣ ሰው ሁሉ በዛ ስለለመደ እዚህ ጋ ሲመጣ ግራ ይገባዋል። ስለዚህ ፓምፑ በርቶ እንዲቆይ ከፈለግክ መስመሩን ይዞ የሚቆይ ፕሮግራም ያስፈልግሃል።

ቨርዥኑን ልብ በል። ዴቢያን 12 (ኦኤስህ የተመሰረተበት) ላይ ያለው ሊብጂፒአይኦዲ 1.6 ነው፣ እሱ ላይ ጂፒአይኦሴት ጽፎ ይወጣል፣ ይዞ እንዲቆይ ሞድ የሚለውን ሲግናል ብለህ መስጠት አለብህ። ዴቢያን 13 ላይ ግን ቨርዥን 2 ነው ያለው፣ እዛ ሳትነግረውም እስክትገድለው ድረስ ይዞ ይቆያል፣ አጻጻፉም ተቀይሯል፣ ቺፑን ሰረዝ ሲ ብለህ ነው የምትሰጠው፣ ወይም ቺፑን ትተህ በስም ብቻ መጥራት ትችላለህ፣ ጂፒአይኦፋይንድ የሚባለው ትእዛዝ እማ ጭራሽ የለም። ዛሬ ለ12 የጻፍከው የሼል ስክሪፕት ወደ 13 ስትሄድ ደግሞ ይሰበርብሃል። አውቄ ነው አሁን የምነግርህ በኋላ እንዳትረግመኝ።

ፓምፕ_ጠባቂ
እረ በናትሽ!! ታዲያ በምን ልጻፈው?

ዝምብዬ_ልሞክር
ፓይተን ተጠቀም፣ አርፒአይ ነጥብ ጂፒአይኦ የሚባለውን፣ እኔ ሁሌ በሱ ነው የምሰራው

ከርነል_አንባቢ
ፓይተን ልክ ነው፣ ላይብረሪው ግን አይሆንም። እሱ ላይብረሪ ፒኑን ለማብራት ለማጥፋት ሬጅስተሩን በቀጥታ ነው የሚነካው፣ የለውጥ ምልክት ለመጠበቅ ግን ተመልሶ ያንኑ ሲስ-ኤፍኤስ ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ 6.6 ላይ «ፌይልድ ቱ አድ ኤጅ ዲቴክሽን» ብሎ ይወድቃል። ራስበሪ ፓይ 5 ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሰራም። የድሮ ኮድህን ሳትነካ ለማዳን አርፒአይ-ኤልጂፒአይኦ የሚባል ምትክ አለ፣ ስሞቹ ያው ናቸው ውስጡ ነው የተቀየረው። ከዜሮ የምትጽፍ ከሆነ ግን ጂፒአይኦዜሮ ተጠቀም፣ ለጀማሪ ከሱ የሚቀል አላውቅም።

ዝምብዬ_ልሞክር
ኦ ለካ ለዛ ነው የኔ በር ደወል የቆመው 🤦 ሶስት ወር ሙሉ በተኑ ሞቷል ብዬ ሁለት በተን ቀይሬያለሁ

ብየዳ
ልጆች ስለ ሶፍትዌሩ ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን የሪሌዩ ነገር ነው የከነከነኝ። ፓምፕ ጠባቂ ልጄ፣ የሪሌይ ሞጁልህን ቪሲሲ (የኤሌክትሪክ መግቢያውን) ከየት ነው የምታበላው? እግሩ ላይ ዝቅ ሲል ነው የሚነሳው ወይስ ከፍ ሲል?

ፓምፕ_ጠባቂ
ጋሼ ሰላም ነዎት? ከ5 ቮልቱ ነው፣ ከሄደሩ 2ኛው እግር። የሚነሳው ዝቅ ሲል ነው፣ ማለትም 0 ስጽፍ ይበራል 1 ስጽፍ ይጠፋል። ሰማያዊ ቀለም ያለው ባለ አንድ ሪሌይ ሞጁል ነው።

ብየዳ
እንደጠረጠርኩት ነው። ስማኝ፣ ያ ሞጁል ውስጥ ከ5 ቮልት ተነስቶ በኦፕቶው (ምልክትን በብርሃን የሚያሻግረው ክፍል) መብራትና በሬዚስተር አልፎ አንተ ፒን ላይ የሚመጣ መስመር አለ። ፒንህን 0 ስታደርገው ኩረንት ይፈስና ሪሌዩ ይነሳል፣ ደህና። 1 ስታደርገው ግን ፒንህ 3.3 ቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ በመሃል 1.7 ቮልት ልዩነት ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ልዩነት ኦፕቶውንና ምልክት መብራቷን አንድ ላይ ለማብራት ስለማይበቃ ሪሌዩ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ሞጁል ግን በደንብ አይጠፋም፣ ወይ ጠፍቶ ምልክቷ መብራት ፈዛ ትቀራለች። ፒኑ ኢንፑት ሆኖ ሲለቀቅ ደግሞ ያ 5 ቮልት በዚያው መስመር ወደ ፒንህ ሊገፋ ይሞክራል። የዚህ ቦርድ ፒን 5 ቮልት አይችልም፣ 3.3 ነው አቅሙ። ሁለት አመት ስለኖረ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሞጁሉ ላይ ጄዲ-ቪሲሲ የሚል ጃምፐር ካለው ጃምፐሩን ነቅለህ ጄዲውን 5 ቮልት ላይ፣ ቪሲሲውን 3.3 ላይ አድርግ። የአንዳንዱ ሞጁል ምልክት መብራት በ3.3 አቅም ያንሳትና ሪሌዩ አይነሳም፣ የባለ አንድ ሪሌዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃምፐሩም የለውም። እኔ ብሆን አንድ ትራንዚስተር መሃል አስገብቼ እገላገል ነበር። ቢሲ 547 ውሰድ፣ ቤዙን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርገህ ፒንህ ላይ፣ ኤሚተሩን ግራውንድ፣ ኮሌክተሩን የሞጁሉ ኢን የሚለው ላይ። ፒንህ የሚሰጠው 2.6 ሚሊአምፒር ገደማ ነው፣ አይጎዳውም፣ ፒን 16 ሚሊአምፒር ድረስ ነው የሚችለው። ባዶ ሪሌይ ከሆነ የምታሽከረክረው ደግሞ ኮይሉ ላይ ዳዮድ እንዳትረሳ፣ ሞጁሉ ላይ ግን አብሮ አለ።

ሶስት_ነጥብ_ሶስት
ጋሽ ብየዳ እጅዎ ይባረክ። ልብ አላላችሁትም እንጂ ይሄ ትራንዚስተር የቡቱንም ችግር አብሮ ነው የሚፈታው። ትራንዚስተር ሲገባ ስራው ይገለበጣል፣ ፒኑ ከፍ ሲል ሪሌዩ ይነሳል። ጂፒአይኦ 17 ደግሞ ቦርዱ ገና ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ኢንፑት ሆኖ ወደ ታች ተጎትቶ ነው የሚነሳው፣ ከ0 እስከ 8 ያሉት ወደ ላይ ነው የሚጎተቱት፣ ከ9 እስከ 27 ያሉት ወደ ታች። ስለዚህ ሊኑክሱ ተነስቶ ፕሮግራምህ እስኪመጣ ድረስ ሪሌዩ ዝም ብሎ ይቆያል። ይሄን ሳያውቅ ዝቅ ሲል የሚነሳ ሪሌይ 2 እና 3 ላይ የሚሰካ አለ፣ እነሱ ቦርዱ ላይ የተበየደ 1.8 ኪሎ ኦም ፑል አፕ (ወደ ላይ የሚጎትት ሬዚስተር) አላቸው፣ ለሪሌይ ደስ ይላሉ ግን አይቱሲ (ሴንሰር የሚገናኝበት መስመር) ስትፈልግ ታለቅሳለህ።

ከርነል_አንባቢ
የድሮዋ ስክሪፕት ለምን ጠቅ ታደርግ እንደነበር ልንገርህ፣ ስታየው ትስቃለህ። ዳይሬክሽን የሚለው ፋይል ውስጥ አውት ብለህ ነው የምትጽፈው አይደል? አውት ስትለው ፒኑ አውትፑት የሚሆነው በ0 ነው። ያንተ ሪሌይ ደግሞ በ0 ነው የሚነሳው። ቀጥለህ ቫልዩ ላይ 1 ስትጽፍ ይወርዳል። በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለችው ቅጽበት ናት ጠቅ የምትለው። ሲስ-ኤፍኤስ ላይ መድሃኒቱ አውት በማለት ፋንታ ሃይ ብሎ መጻፍ ነበር፣ ያኔ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ነው አውትፑት የሚሆነው፣ ይህን ግን ማንም አያነበውም። አዲሱ መንገድ ላይ መስመሩን ስትጠይቅ የመጀመሪያ ዋጋውን አብረህ ነው የምትሰጠው።

ትራንዚስተር ካስገባህ ጂፒአይኦዜሮ ላይ አውትፑትዲቫይስ 17 ትለዋለህ፣ ኢኒሺያል ቫልዩ ፎልስ። ትራንዚስተር ሳታስገባ የምትቀጥል ከሆነ አክቲቭ ሃይ ፎልስ የሚለውን ጨምርበት፣ ከዛ ኦን ስትል ራሱ ገልብጦ 0 ይጽፍልሃል፣ ኮድህ ውስጥ «0 ማለት በርቷል» እያልክ ከመዞር ትድናለህ።

ብርቱካናማ_ቦርድ
ክሩን ልጥለፍ ይቅርታ። እኔ ያለኝ ኦሬንጅ ፓይ ነው፣ ኤች3 ቺፕ ያለው። ፒኖቹ ፒኤ6፣ ፒሲ4 እየተባሉ ነው የተጻፉት፣ እኔም ቁጥሩን ከአንድ ሰው ኮድ ገልብጬ ነው የምጠቀመው። ሂሳቡ እንዴት ነው?

ከርነል_አንባቢ
እዛ ላይ ቀላል ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል 32 ቦታ ይይዛል። ኤ ከ0 ይጀምራል ስለዚህ ፒኤ6 ያው 6 ነው። ሲ ሶስተኛ ፊደል ነው፣ ከፊቱ ሁለት ፊደል አለ፣ ሁለት ጊዜ 32 ሲደመር 4፣ 68። ፒኤል የሚሉት ግን ለብቻው ሌላ ቺፕ ላይ ናቸው። ጂፒአይኦዲቴክት ስትለው ሁለት ታያለህ፣ ባለ 224 መስመሩ ዋናው ነው፣ ባለ 32ቱ የፒኤል ነው። ስለዚህ ፒኤል10ን በአዲሱ መንገድ ስትፈልገው ባለ 32ቱ ቺፕ ላይ መስመር 10 ብለህ ነው። ሮክቺፕ ያለው ቦርድ ላይ ደግሞ ባንክና ፊደል አለ፣ ጂፒአይኦ4_ሲ5 ማለት አራት ጊዜ 32፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ 8፣ ሲደመር 5፣ 149። ግን ደግሜ ልበል ይህ ሁሉ ሂሳብ ቤዙ 0 ከሆነ ነው።

ብርቱካናማ_ቦርድ
በጣም አመሰግናለሁ፣ አንድ አመት ሙሉ 68 ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ስጠቀም ነበር 😂

ፓምፕ_ጠባቂ
ትራንዚስተሩን በየድኩት፣ ቦርዱን አምስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት አንዴም ጠቅ አላለም። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን የቀረኝ ፍሎቱ ነው። ድሮ ፍሎቱን በ3.3 ቮልትና በ27 መሃል ነበር ያሰርኩት። ውሃው ልክ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሪሌዩ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ያብዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጎን ያለው መብራት ሲበራ ሲጠፋ ራሱ ውሃው ያለቀ ይመስለዋል። ገመዱ 6 ሜትር ይሆናል።

ብየዳ
መጀመሪያ 3.3 ቮልቱን ከሳጥኑ አታውጣው። 6 ሜትር ወጥቶ ውሃ አጠገብ የሚሄድ ገመድ አንድ ቀን ልጡ ይላላጥና ግራውንድ ይነካል፣ ያኔ ቦርዱ ይሞትብሃል። የሚወጣው ግራውንድና የምልክቱ ሽቦ ብቻ ይሁን። ፒኑን በ4.7 ኪሎ ኦም ወደ 3.3 ጎትተው፣ ሬዚስተሩ ሳጥኑ ውስጥ ይቅር። ቺፑ ውስጥ ያለው ፑል አፕ 50 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ ለአጭር በተን ይበቃል ለዚህ ርዝመት ግን ደካማ ነው፣ ገመዱ አንቴና ይሆንና የመብራቱን ማብሪያ ሁሉ ይሰማል። ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር፣ ከገመዱ ወደ ፒኑ ደግሞ 1 ኪሎ ኦም በመንገዱ ላይ አስገባ።

ፍሎቱን ውሃ ሲያንስ የሚዘጋ አድርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ተንሳፋፊዋን ገልብጦ መክተት ነው። ለምን መሰለህ፣ ገመዱ ቢበጠስ ፒኑ ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ፕሮግራሙም «ሞልቷል» ብሎ ፓምፑን ያጠፋል። በተቃራኒው ካሰርከው ገመዱ የተበጠሰ ቀን ፓምፑ ሳይቆም ሲጎርፍ ያድራል። በእኔ ደርሷል ይሄ፣ ሌሊት ነው የነቃሁት፣ ጫማዬ ሲንሳፈፍ ነው ያየሁት።

ሶስት_ነጥብ_ሶስት
😂😂 ጫማ እንደ ፍሎት ስዊች

ከርነል_አንባቢ
ጠቅ ጠቅ የሚለውን በዲባውንስ (ለቅጽበት የሚዘል ምልክትን ችላ በማለት) ብቻ አትፈታውም። ዲባውንስ ለበተን ነው፣ ብረቱ ሲነካካ የሚዘለው በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ስለሆነ 10 ወይ 20 ሚሊሰከንድ ስትል ያልፋል። ያንተ ግን ውሃው ነው የሚወዛወዘው፣ እሱ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ በየግማሽ ሰከንዱ አንብብ፣ ለ5 ተከታታይ ሰከንድ ያው ካልሆነ ሃሳብህን አትቀይር። ከዛ በላይ ከፈለግክ ሁለት ፍሎት፣ አንዱ ታች አንዱ ላይ፣ ታችኛው ሲያንስ አብራ ላይኛው ሲሞላ አጥፋ።

ሌላው፣ ፓምፑ ከዚህ ደቂቃ በላይ አይሰራም የሚል ጣሪያ አስቀምጥ። ታንከርህ በ20 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ 30 ላይ ራሱ ያጥፋ። ፕሮግራሙን በሲስተምዲ ሰርቪስ (ኦኤሱ ራሱ እንዲያስነሳውና እንዲጠብቀው) አድርገው፣ ሪስታርት ኦልዌይስ ብለህ፣ ዩዘሩን ሩት አታድርገው፣ ጂፒአይኦ የሚባል ግሩፕ አለ እሱ ውስጥ ያለ ዩዘር ይበቃል። ፕሮግራሙ ቢሞት ጂፒአይኦዜሮ ሲወጣ ፒኑን ወደ ኢንፑት ይመልሰዋል። በሃይል ከተገደለ ግን ያን ለማድረግ ጊዜ አያገኝም፣ ለዛ ብለህ የጋሽ ብየዳን ትራንዚስተር ቤዝ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ብትጎትተው ፒኑ ሲለቀቅ በቺፑ ፈቃድ ላይ አትወድቅም።

ብየዳ
ልክ ናት። አንድ ልጨምር፣ ፓምፕ ሲነሳ የሚስበው ኩረንት ከስራው ብዙ እጥፍ ነው፣ ያች ሰማያዊ ሪሌይ ላዩዋ ላይ 10 አምፒር ተጽፎባት ልትሆን ትችላለች፣ ለሞተር ግን አትመናት፣ ውስጧ ያለው ብረት ይበየድና ተጣብቆ ይቀራል። ያኔ ፒንህ 0 ይበል 1 ይበል ፓምፑ አይሰማህም። ሪሌይዋ ኮንታክተር (ለሞተር የሚሆን ትልቅ ሪሌይ) ታንሳ፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን ያንሳ። የዋናው መስመር ስራ ደግሞ ለሚያውቅ ሰው ስጠው።

ፓምፕ_ጠባቂ
ልንገራችሁ፣ አራት ቀን ሆነው። ፍሎቱን ጋሼ እንዳሉት አሰርኩት፣ ፕሮግራሙ በተከታታይ አስር ጊዜ ያው ካላየ አይንቀሳቀስም (በግማሽ ሰከንድ አስር ጊዜ)፣ ጣሪያው 25 ደቂቃ ነው። ትናንት ሆን ብዬ የፍሎቱን ገመድ ነቀልኩት፣ 5 ሰከንድ ቆየና ፓምፑ ጸጥ አለ፣ መልሼ ስሰካው ደግሞ 5 ሰከንድ ቆይቶ ተነሳ። ኮንታክተሩን ሰው አስገባልኝ። ጂፒአይኦኢንፎ ስል 17 እና 27 ላይ ኤልጂ የሚል ስም አየሁ ደስ አለኝ፣ ሲስኤፍኤስ የሚለው የለም። ስክሪፕቷን አላጠፋኋትም ግን ከቡቱ አውጥቻታለሁ፣ ሁለት አመት አገልግላኛለች።

ዝምብዬ_ልሞክር
እኔ ደግሞ በር ደወሌን ወደ ጂፒአይኦዜሮ ቀየርኩት ሰራ። ግን በሼሉ ስሞክር ጂፒአይኦፋይንድ ላይ ጂፒአይኦ4 ስለው ምንም አያመጣልኝም፣ 17 እና 22 ግን ወዲያው ያመጣል። 4 የለም እንዴ???

ከርነል_አንባቢ
አለ፣ ስሙ ነው የተለየው። ራስበሪ ፓይ 4 ላይ ያ መስመር ጂፒአይኦ_ጂሲኤልኬ ተብሎ ነው የተሰየመው፣ የክሎክ ስራ ስላለው። 2 እና 3ም ኤስዲኤ1 እና ኤስሲኤል1 ናቸው። ጂፒአይኦኢንፎ ብለህ ስማቸውን አንብብና በሱ ጥራቸው።

ዝምብዬ_ልሞክር
አገኘሁት። በተን ልገዛ ወጥቼ ነበር ከመንገድ ተመለስኩ